ጀርመንኛን ከመሣሪያው ጋር መማር፤ ከጎታ እስከ ፍኖተ ሰላም

ከጥቂት ዓመታት በፊት ወደ ኮሌጃችን በእርዳታ የመጣ አንድ የማባዣ መሣሪያ ነበር። ሣጥኑ ተከፍቶ መሣሪያው ከኤሌክትሪክ ጋር ሲገናኝ በመስኮቱ ላይ ብቅ ያሉት ቃላት በሙሉ ጀርመንኛ ሆኑ። አብሮት የመጣው የአጠቃቀም መምሪያ የእንግሊዝኛ ክፍልም ነበረው፤ ነገር ግን መምሪያው «ይህን ተጫን» የሚለውን ቃል በመስኮቱ ላይ ለይቶ የሚያገኝ ሰው ጠፋ። ይህ ጸሐፊ ከሌሎች አራት መምህራን ጋር ሁለት ቀን ሙሉ ቁልፍ ሲነካካ ዋለ፤ የፈተናው ወረቀትም በአሮጌው ማባዣ ተባዛ። በሦስተኛው ቀን ከቡሬ ገጠር የመጣ አንድ የአንደኛ ዓመት ሠልጣኝ ለሌላ ጉዳይ ወደ ክፍሉ ገባና ጥቂት ቆሞ ካየ በኋላ «ሽፕራኸ» የሚለውን ቃል በጣቱ አመለከተን። ቃሉ «ቋንቋ» ማለት ነው። ከዚያ በኋላ የቀረው ሥራ ግማሽ ደቂቃም አልፈጀ። «የት ተማርኸው?» ብንለው፣ «መምህር፣ ከስልኬ ላይ ነው፤ ስልኬን ጀርመንኛ አድርጌዋለሁ» አለን።

ወጣቱ እንደ ብዙ እኩዮቹ ወደ ጀርመን አገር ሄዶ ሙያ ለመማር የሚያስብ ነበር። ከአንድ ዓመት በኋላ አዲስ አበባ ድረስ ተጉዞ ለመጀመሪያው ደረጃ ፈተና ሲቀመጥ ግን በንግግሩ ክፍል ወደቀ። ቃሉን ሲያየው ያውቀዋል፤ ሰው ሲጠይቀው ግን መመለስ፣ ሲቸግረውም መልሶ መጠየቅ አልቻለም። የጉዞው፣ የማደሪያውና የፈተናው ወጪ የተሸፈነው አባቱ ሁለት በሬ ሸጠው ነበር። በሬዎቹ የሚያርሱ በሬዎች ነበሩ።

የዚህ ጽሑፍ መነሻ ይኸው ነው። ዓላማውም ኢትዮጵያውያንና የጀርመን ቋንቋ በመሣሪያ ዙሪያ የተገናኙባቸውን ጥቂት የታሪክ አጋጣሚዎች መርምሮ፣ ዛሬ በፍኖተ ሰላም፣ በቡሬና በዙሪያቸው ባለው ገጠር ያለ አስተማሪ ጀርመንኛ የሚማረው ወጣት በምን ላይ እንደሚሰናከል ማሳየት ነው። «ጀርመንኛ በሥርዓተ ትምህርታችን ውስጥ የለም፤ ታዲያ ምን አገባን?» የሚል አንባቢ ሊኖር ይችላል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ሆኖም ትምህርቱ የማንንም ፈቃድ ሳይጠይቅ በየስልኩ ላይ እየተካሄደ ነው፤ የሚማሩትም እኛው በየትምህርት ቤታችን ፊደል ያስቆጠርናቸው ልጆች ናቸው።

የሁለቱ አገሮች የቋንቋ ግንኙነት ሲነሣ ቀድመው የሚጠቀሱት አባ ጎርጎርዮስና ኢዮብ ሉዶልፍ ናቸው። አባ ጎርጎርዮስ የአማራ አገር ሰው፣ የመካነ ሥላሴ ተወላጅ ነበሩ። ሉዶልፍ ደግሞ በኤርፉርት ከተማ የተወለደ ሊቅ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1649 ሮም ላይ ሲገናኙ ሉዶልፍ ግዕዝን ከመጻሕፍት ተምሮ ያነብ ነበር እንጂ ሲናገሩት ሰምቶ፣ ተናግሮትም አያውቅም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1652 አባ ጎርጎርዮስ ጎታ ወደሚገኘው የዱክ ኤርንስት ቤተ መንግሥት ተጠርተው ሄዱ። (የቤተ መንግሥቱ ስም ፍሪደንሽታይን ይባላል፤ «ፍሪደን» ሰላም ማለት በመሆኑ የፍኖተ ሰላም ሰው ስሙን እንደ ዘመድ ሊቆጥረው ይችላል።) በዚያም ሁለቱ በግዕዝ እየተነጋገሩ አማርኛን መረመሩ። አባ ጎርጎርዮስ እ.ኤ.አ. በ1658 ወደ አገራቸው ሲመለሱ በባሕር ላይ በደረሰ አደጋ ሞቱ። ከዚያ 40 ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1698፣ ሉዶልፍ የአማርኛን ሰዋስውና መዝገበ ቃላት በፍራንክፈርት አሳተመ።

ይህን ታሪክ ብዙ ጊዜ የምናነሣው ለክብራችን ስንል ነው። ለመምህር ግን ሌላ ፍሬ ነገር አለው። ሉዶልፍ ለዓመታት ከመጽሐፍ የተማረው ቋንቋ ሕይወት ያገኘው መልሶ የሚጠይቀው፣ ሲሳሳትም የሚያርመው ሰው ባገኘ ጊዜ ነው። የቡሬው ወጣት ያጣውም ይህንኑ ነው። ልብ ሊባል የሚገባው ሌላው ጉዳይ በዚያ ግንኙነት ቋንቋው የሄደው ከኛ ወደ እነርሱ መሆኑ ነው። በ1890ዎቹ መጨረሻ አለቃ ታየ ገብረ ማርያም በርሊን ወደሚገኘው የምሥራቃውያን ቋንቋዎች ትምህርት ቤት ተልከው ሲያስተምሩም የተጓዘው አማርኛና ግዕዝ ነበር።

አሁን ወደ መሣሪያው እንምጣ። በዐፄ ቴዎድሮስ ዘመን በደብረ ታቦር አቅራቢያ በምትገኘው በጋፋት የተሰበሰቡት የእጅ ባለሙያዎች አብዛኞቹ ጀርመንኛ ተናጋሪዎች ነበሩ። በባዝል አቅራቢያ ከሚገኘው ከቅዱስ ክሪሾና የሚስዮን ተቋም የመጡት ቫልድማየር፣ ዛልሙለር፣ ቤንደርና ማየር ይጠቀሳሉ። እነዚህ ሰዎች መንገድ ሠርተዋል፣ ጋሪ ሠርተዋል፤ በመጨረሻም እ.ኤ.አ. በ1867 ሴባስቶፖል የተባለውን ትልቅ መድፍ አቅልጠው አፍስሰዋል። ከእነርሱ ጋር የሠሩ፣ ወናፍ ያናፉ፣ ብረት የቀጠቀጡ የአገር ልጆች ብዙ ናቸው። እንግዲህ ከዚህ ሁሉ ሥራ ወደ አማርኛ የገባ የጀርመንኛ የመሣሪያ ቃል ፈልጎ ማግኘት እጅግ ያስቸግራል። ምክንያቱ ሩቅ አይመስለኝም። ባለሙያዎቹ አማርኛ ተምረው ነበር፤ ትእዛዙም፣ ቁጣውም፣ ምስጋናውም የሚሰጠው በአማርኛ ነበር። ሠራተኛው ሙያውን ቀሰመ፤ ቋንቋውን የሚቀስምበት ምክንያት አልነበረውም።

ከዚህ ጋር የጣሊያንን ዘመን ማነጻጸር ይጠቅማል። ጣሊያኖች በ1928 ዓ.ም. ገብተው በ1933 ዓ.ም. ወጡ። ቡሬ የዚያን ጊዜ የጠላት ምሽግ የነበረባት ከተማ ናት፤ ምሽጉም በ1933 ዓ.ም. ክረምት ሳይገባ፣ ንጉሠ ነገሥቱን አጅቦ በጎጃም በኩል የገባው ጦርና የአገሩ አርበኞች ባደረጉት ግፊት ተለቀቀ። አምስት ዓመት ለቋንቋ አጭር ጊዜ ነው። ይሁን እንጂ ጎማ፣ ፍሬን፣ ካቻቪቴ፣ ፖምፓ የሚሉት ቃላት እስከ ዛሬ በየጋራዡ ይሠራሉ። ጣሊያኖቹ ከጀርመኖቹ የተሻሉ አስተማሪዎች ስለሆኑ አይደለም፤ በመኪናው ሥር ተኝቶ የሚሠራው ኢትዮጵያዊ «ያን አቀብለኝ» ሲባል ስሙን በጣሊያንኛ ስለሚሰማና ዕቃውም ወዲያው በእጁ ስለሚገባ ነው። ያለ ጥቁር ሰሌዳ፣ ያለ ደብተር፣ አንዳንዴም ከስድብ ጋር የተሰጠ ትምህርት ነበር። እንዲህ ያለውን ዘመን የሚያወድስ ሰው የለም፤ የመማሩን መንገድ ግን የትምህርት ባለሙያ ሊያልፈው አይገባም። ከተገኘው ሁሉ የተገኘው የዕቃ ስም ብቻ መሆኑንም አንርሳ። በእነዚያ ቃላት ጣሊያንኛ መናገር አይቻልም።

በነገራችን ላይ፣ ንጉሠ ነገሥቱ ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. አዲስ አበባ በገቡ በሳምንቱ፣ ግንቦት 4 ቀን፣ ኮንራድ ሱዘ የተባለ ጀርመናዊ መሐንዲስ በበርሊን ዜድ 3 የተባለውን በፕሮግራም የሚሠራ አስሊ መሣሪያ ለባለሙያዎች አሳየ። ዛሬ በዓለም ላይ ለሚገኙት ኮምፒዩተሮች ቀደምት ከሚባሉት አንዱ ነው። ጀርመኖች እስከ አሁን ኮምፒዩተርን «ሬኽነር» ይሉታል፤ «አስሊ» ማለት ነው። የዘመኑ መሣሪያ ሁሉ በእንግሊዝኛ ብቻ የተፈጠረ የሚመስለው ተማሪ ካለ ይህን ቢነግሩት መልካም ነው።

ከዚያ በኋላ የመጣው ራዲዮ ነው። የጀርመን ድምፅ የአማርኛው ክፍል ሥርጭቱን የጀመረው በመጋቢት 1957 ዓ.ም. ነው። በምዕራብ ጎጃም ገጠር ያደገ የኔ ዕድሜ ሰው ሁሉ የሚያስታውሰው ነገር አለ፤ አባወራው ማታ ማታ ራዲዮውን በአጭር ሞገድ ሲፈልግ፣ ቤተ ሰቡ ዝም ብሎ ሲጠብቅ፣ የራዲዮው ድንጋይ ሲደክም ጠዋት በፀሐይ ላይ ተሰጥቶ እንደ በርበሬ ሲጠበቅ። «ዶይቸ ቬለ» የሚለውን ስም ሕፃን ሳይቀር ይለዋል። ቃሉ «የጀርመን ሞገድ» ማለት እንደሆነ ግን ይህ ጸሐፊ ያወቀው ኮሌጅ ከገባ በኋላ ነው። በእነዚያ ሁሉ ዓመታት ከኮሎኝ፣ በኋላም ከቦን የመጣልን ዜናና ትምህርት በአማርኛ ነበርና ሁለት የጀርመንኛ ቃላት ብቻ ቀሩልን።

በ1998 ዓ.ም. በጀርመን ድጋፍ የተጀመረው የኢንጂነሪንግ አቅም ግንባታ ፕሮግራምም ለቴክኒክና ሙያ ትምህርት ብዙ አድርጓል። የደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያ ሕንፃዎችም የጀርመን ድርጅት ባካሄደው የዩኒቨርሲቲዎች ግንባታ የተሠሩ ናቸው። በግንባታው ቦታ የሚሰማው ግን አማርኛና እንግሊዝኛ ነበር። እንግዲህ ከጋፋት ጀምሮ ያለውን ስናይ ሰው መጣ፤ መሣሪያም መጣ፤ ቋንቋው ግን ከደጅ ቀረ። ዛሬ የተገለበጠው ይህ ነው። በፍኖተ ሰላም መናኸሪያ አጠገብ ቁጭ ብሎ ስልኩን የሚነካካው ወጣት እጅ ውስጥ ጀርመንኛው አለ፤ የሚያነጋግረው ጀርመናዊ ወይም ጀርመንኛ አዋቂ የለም።

ወጣቱን ወደዚህ የሚገፋው ምክንያት ግልጽ ነው። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2020 በጀርመን አገር በሥራ ላይ የዋለው የባለሙያዎች ፍልሰት ሕግ፣ በኋላም የተደረጉለት ማሻሻያዎች፣ ነርስና የእጅ ባለሙያ ለመሆን ለሚፈልግ የውጭ አገር ሰው በር ከፍተዋል፤ የበሩ ቁልፍ ግን ቋንቋው ነው። ጀርመንኛ በሥርዓት የሚሰጥበት የጎተ ተቋም ከ1954 ዓ.ም. አካባቢ ጀምሮ አዲስ አበባ ውስጥ አለ። ከፍኖተ ሰላም እስከዚያ ያለው መንገድ ከ380 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ስለዚህ ትምህርቱ በስልክ ሆነ። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በክልሉ የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት በተቋረጠ ጊዜ እንኳ ትምህርቱ ጨርሶ አልቆመም፤ ቀድሞ የወረደው የድምፅ ትምህርት ከሜሞሪ ካርድ ወደ ሜሞሪ ካርድ እየተገለበጠ ሲዞር አይተናል። አንዳንዱ ቅጂ መካከሉ የተቆረጠ ስለነበረ የአንድ ጥያቄ መልስ ለሌላ ጥያቄ የሚሰጥ ተማሪም አጋጥሞናል።

እነዚህ ወጣቶች የሚጠቀሙባቸው ትምህርቶች አብዛኞቹ በእንግሊዝኛ የተዘጋጁ ናቸው። ጀርመንኛው በእንግሊዝኛ ይተረጎማል፤ ተማሪው ደግሞ እንግሊዝኛውን በልቡ ወደ አማርኛ ይመልሳል። ይህ ጸሐፊ ዋናው መሰናክል ይህ ነው ብሎ ያምናል፤ ምክንያቱንም ከመሣሪያው ቃላት በመነሣት ያስረዳል።

በጀርመንኛ ስልክ ላይ የሚታዩትን ትእዛዞች እንመልከት። «ሽፕራኸ አውስቬለን» ይላል፤ ቃል በቃል «ቋንቋ መምረጥ» ነው። «ፓስቮርት ኤንደርን»፤ «የይለፍ ቃል መለወጥ»። «ዳታይ ሽፓይኸርን»፤ «ፋይል ማስቀመጥ»። «ጌሬት አውስሻልተን»፤ «መሣሪያ ማጥፋት»። የሚደረግበት ነገር ይቀድማል፤ ግሡ በመጨረሻ ይመጣል። ይህ ለኛ የእናት ቋንቋችን ሥርዓት ነው። በእንግሊዝኛ ግን ግሡ ይቀድማል። ተማሪው በእንግሊዝኛ በኩል ሲያልፍ በቤቱ ያለውን ሥርዓት አፍርሶ፣ በጎረቤት ሥርዓት ሠርቶ፣ እንደገና አፍርሶ ወደ ነበረበት ይመለሳል። ይህን ሰንጠረዥ በጥቁር ሰሌዳ ላይ በሦስት ዓምድ ለሠልጣኞች ስጽፍላቸው በክፍሉ ውስጥ የተሰማው ሳቅ አሁንም ትዝ ይለኛል።

የአክብሮት አነጋገርም እንዲሁ ነው። የጀርመን የባንክ ገንዘብ መክፈያ መሣሪያ «ቢተ ጌበን ዚ ኢረ ፒን አይን» ይላል። የኛው «እባክዎ የሚስጥር ቁጥርዎን ያስገቡ» ይላል። «ዚ» የሚለው የጀርመንኛ ቃል «እርስዎ» ነው፤ የሚወስደው ግሥ ደግሞ «እነርሱ» የሚለው ከሚወስደው ግሥ ጋር አንድ ነው። በአማርኛም «እርስዎ ያስገቡ»፣ «እነርሱ ያስገቡ» እንላለን። አንድን ሰው ለማክበር የብዙ ሰው ግሥ መስጠት ለጎጃም ልጅ ማስረዳት አያሻውም፤ አባቱን ሲያነጋግር የኖረበት ነው። እንግሊዝኛ ግን ለሕፃኑም ለሽማግሌውም አንድ ቃል ስላለው፣ በእሱ በኩል የተማረ ሠልጣኝ በ«ዱ» እና በ«ዚ» መካከል ያለውን ልዩነት እንደ ባዕድ ሕግ በቃሉ ያጠናል፤ በፈተና ላይም መርማሪውን «አንተ» ብሎ ቁጭ ይላል።

ከሁሉ ይልቅ የሚያስደስተው «ላደን» የሚለው ግሥ ነው። ትርጉሙ መጫን ነው፤ በቅሎ መጫን፣ ጋሪ መጫን። ከዚህ ግሥ ጀርመኖች «አውፍላደን» ሲሉ ስልክን በኤሌክትሪክ መሙላት፣ «ሆኽላደን» ሲሉ ፋይልን ወደ ላይ መጫን፣ «ሄሩንተርላደን» ሲሉ ፋይልን ማውረድ ማለታቸው ነው። እኛም ፋይልን «እንጭናለን»፣ «እናወርዳለን»። ቡሬ ከዓባይ ማዶ፣ ከወለጋ በኩል የሚመጣ ነጋዴ ጭነቱን የሚያራግፍባት የገበያ ከተማ ናትና፣ የቡሬ ተማሪ ይህን የቃል ቤተ ሰብ ለመረዳት አያቱ ስለ ነጋዴ ሲያወሩ የሰማው ይበቃዋል። አንድ ጥንቃቄ ግን ያሻል። እኛ ቁልፍንም «እንጫናለን»፤ ጀርመኖች ለዚህ «ድሩከን» የሚል ሌላ ግሥ አላቸው። ሁለቱን የቀላቀለ ሠልጣኝ «ቁልፉን በበቅሎ ጫንኩት» እንደ ማለት ይሆንበታል።

አስቸጋሪው ነገር የሚከፈሉት ግሦች ናቸው። «አይንጌበን» (ማስገባት) በዐረፍተ ነገር ውስጥ ሲገባ «አይን» የሚለው ቅጥያ ተቆርጦ መጨረሻ ላይ ይቀመጣል። ከላይ ባየነው የባንክ መሣሪያ ትእዛዝ ላይ በስተመጨረሻ የቀረው «አይን» ይኸው ነው። ሠልጣኞች መጀመሪያ የሰው ዓይን መስሏቸው ነበር። ለዚህ በአማርኛ እኩያ የለውም፤ በድግግሞሽ ብቻ የሚለመድ ነው። «ቬላን» የሚባለው ደግሞ እኛ ዋይፋይ የምንለው ነው፤ «ሀንዲ» የሚባለውም የእጅ ስልክ ነው። «ሀንዲ» እንግሊዝኛ ይመስላል፤ ለእንግሊዝ ሰው ቢነግሩት ግን ስልክ መሆኑን አያውቅም።

እነዚህን ነገሮች ለመፈተን ባለፈው ዓመት ጥቂት ፈቃደኛ ሠልጣኞችን ይዤ ለተወሰኑ ቅዳሜዎች ተቀመጥሁ። እኔ ጀርመንኛ አዋቂ አይደለሁም፤ ከእነርሱ በሁለት ምዕራፍ እቀድም ነበር እንጂ። በየስብሰባው አንድ መሣሪያ ጠረጴዛው ላይ ይቀመጣል፤ ስልክ፣ ኮምፒዩተር፣ ወይም ያ የማባዣ መሣሪያ። አንዱ ይጠይቃል፣ ሌላው ይመልሳል፤ እንግሊዝኛ መናገር ክልክል ነው። «ማይን አኩ ኢስት ሌር»፤ ባትሪዬ ባዶ ሆነ። «ቮ ካን ኢኽ ማይን ሀንዲ አውፍላደን?»፤ ስልኬን የት መሙላት እችላለሁ? ከእነዚህ በፊት ግን ሌሎች ሦስት አነጋገሮች እንዲጠኑ አደረግሁ፤ «ዳስ ፈርሽቴሄ ኢኽ ኒኽት» (ይህ አልገባኝም)፣ «ኖኽ አይንማል ቢተ» (እባክዎ እንደገና)፣ «ቢተ ሽፕሬኸን ዚ ላንግዛም» (እባክዎ ቀስ ብለው ይናገሩ)። እነዚህ ሦስቱ በስልክ ትምህርቶች ላይ ብዙ ቦታ የማይሰጣቸው ናቸው፤ ስልክ ሰው ስላልገባው ነገር አይጨነቅምና። በፈተና ክፍል ውስጥና በባዕድ አገር ሆስፒታል ውስጥ ግን ሰውን የሚያድኑት እነዚሁ ናቸው። ከመጀመሪያው ደረጃ ፈተና የንግግር ክፍል አንዱ፣ ተፈታኙ በሥዕል በታየው ዕቃ ተነሥቶ ሰውን እንዲለምን፣ ሲለመንም እንዲመልስ ይጠይቃል። የቡሬው ወጣት የወደቀው በዚህ ላይ ነበር። እሱም ከቅዳሜዎቹ ሠልጣኞች ጋር አብሮ ተቀምጧል፤ እንደገና ለመፈተንም እየተዘጋጀ ነው።

ለዕቅድ ባለሙያዎች የምለው አንድ ነገር ነው። ጀርመንኛን በትምህርት ቤቶች እንስጥ አልልም፤ የሰውም የገንዘብም አቅም የለም፤ ቢኖርም ከዚያ በፊት የሚቀድሙ ብዙ ነገሮች አሉ። ነገር ግን ከአማርኛ በቀጥታ ወደ ጀርመንኛ የሚወስድ፣ በመሣሪያ አነጋገር ላይ የተመሠረተ፣ 40 ገጽ የማይሞላ መምሪያ በአንድ የመምህራን ኮሌጅ የቋንቋ ክፍል ሊዘጋጅ ይችላል። አዘጋጁ ጀርመንኛ አዋቂ እንዲያርምለት ያስፈልጋል፤ ይህም ከአዲስ አበባ በደብዳቤ የሚሆን ነው። ኢንተርኔት ሲጠፋም በወረቀት ይቀራል።

የማባዣ መሣሪያው ዛሬም በጀርመንኛ ነው የሚሠራው፤ ሠልጣኞቹ እንዲለወጥ አልፈቀዱም። ባለፈው ሰኔ የፈተና ወረቀት ስናባዛ በድንገት ቆመና በመስኮቱ ላይ አንድ ረጅም ቃል አወጣ። እኔ መነጽሬን ስፈልግ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ በሩ አጠገብ ተቀምጠው ሻይ እያፈሉ ሲሰሙን የነበሩት የቢሮአችን ተላላኪ ወይዘሮ አንገታቸውን ዘለቅ አድርገው አዩና፣ «ፓፒርሽታው ነው፤ ወረቀት ወትፎታል፤ ከጎን በኩል ክፈተው» አሉኝ።